ያልቀጠነ ወተት በሌዘር ሲለካ፦ በድፍርስ ኮሎይድ ላይ የተነሣ የ18 ምላሾች ክርክር

በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ይህን ክር የከፈተችው በምግብ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን በመሥራት ላይ ያለች ተማሪ ናት። ቅባቱ የወጣለትን ወተት በዲኤልኤስ፣ ማለትም ሌዘር አብርቶ የሚበተነውን ብርሃን መዋዠቅ በሚከታተለው መሣሪያ፣ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በተጣራ ውሃ አቅጥና ለክታ ነበር። ያልቀጠነው ወተት ያሳየው የኬዚን ሚሴል፣ ማለትም የወተቱ ፕሮቲን ተሰብስቦ የሚሠራው ጥቃቅን ቅንጣት፣ መጠን ከቀጠነው በእጅጉ አነሰባት። ወተቱ ከአንድ ጣሳ የተቀዳ፣ ሙቀቱም እኩል ሆኖ ሳለ ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛውን ልመን ስትል ጠየቀች፤ አያይዛም፣ ድፍርስ ነገርን ሳያቀጥኑ መለካት ጨርሶ የማይቻል ነው ወይ የሚል ሁለተኛ ጥያቄ አስከተለች። ለእኔ የክሩ ዋጋ ያለው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ ምላሾቹንም በዚያ እየመዘንኩ በተራቸው አቀርባቸዋለሁ።

1ኛው ምላሽ የተጻፈው በትሕትና ነው። ጸሐፊው ጠያቂዋን በእህትነት ጠርተው፣ ዲኤልኤስ የሚሠራው አንድ ፎቶን ከሌዘሩ ተነሥቶ ዲቴክተሩ ጋ እስኪደርስ አንድ ቅንጣት ብቻ ይነካል በሚል ግምት መሆኑን አስታወሱ። ቅንጣቶቹ በብራውን እንቅስቃሴ ሲርመሰመሱ የተበተነው ብርሃን ይዋዥቃል፤ ትንንሾቹ ፈጥነው፣ ትልልቆቹ ዘግይተው ስለሚንቀሳቀሱ የመዋዠቁ ፍጥነት በአንስታይን የ1905 ቀመር አማካይነት ወደ መጠን ይቀየራል። ለአብነት 200 ናኖሜትር ስፋት ያለው ቅንጣት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ውስጥ፣ በ632.8 ናኖሜትር ሌዘርና በ90 ዲግሪ ማዕዘን ሲታይ ኮሪሌሽኑ፣ ማለትም የአንዱ ቅጽበት ብርሃን ከቀጣዮቹ ጋር ያለው መመሳሰል፣ የሚከስመው በአንድ ሚሊሰከንድ ግድም መሆኑን አስልተው አሳዩ። ብርሃኑ በመንገዱ ሁለትና ሦስት ወይም አሥር ቅንጣት ከነካ ግን የሁሉም እንቅስቃሴ ስለሚደመርበት መዋዠቁ ይፈጥናል፤ ይህን የማያውቀው መሣሪያም ቅንጣቱ ትንሽ ነው ብሎ ይፈርዳል። ስለዚህ ያነሰው ቁጥር ሐሰት፣ የቀጠነው ግን እውነት ነው ሲሉ ደመደሙ።

2ኛው ምላሽ በዚሁ ተስማምቶ አንድ መፈተሻ ጨመረ። ናሙናውን ደረጃ በደረጃ ማቅጠን፣ የሚታየው መጠን መለወጡን ሲያቆምም እዚያ ላይ መቆም ነው። የኮሪሌሽኑ መነሻ ቁመት ዝቅ ብሎ ከታየም ተደጋጋሚ ብተና መግባቱን መጠርጠር ይገባል አለ። 3ኛው በቀለም ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ሥራ ላይ ያሉ ሰው ናቸው፤ የውሃ የብርሃን ስብረት መጠን 1.33፣ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ደግሞ 2.7 ያህል በመሆኑ ጥቂቱ ዱቄት እንኳ ውሃን ነጭ አድርጎ እንደሚያደፈርሰው ገልጸው፣ ቀለምን ማቅጠን ቅንጣቶቹን ለያይቶ የሚይዘውን ኬሚካል ከላያቸው ስለሚያራቁት ቅንጣቶቹ ተያይዘው የሚዘቅጡበት ጊዜ መኖሩን ከሥራቸው መሰከሩ። ምስክርነታቸው ለጥያቄው ቀጥተኛ መልስ ባይሆንም 4ኛውን ምላሽ ጠራው።

4ኛው ምላሽ በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ የበለጠ የተደከመበት ነው። ጸሐፊዋ የወተት ኬሚስት መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታያል። የመጀመሪያውን ምላሽ በአክብሮት አርመው፣ የቀጠነው ቁጥርም ቢሆን እውነት አለመሆኑን አስረዱ። የኬዚን ሚሴል እንደ ፕላስቲክ ኳስ ያለቀለት ነገር አይደለም፤ ፕሮቲኖቹን አያይዞ የሚይዘው የካልሲየም ፎስፌት ስብስብ በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ማዕድን ጋር በሚዛን የሚኖር ነው። ወተት በተጣራ ውሃ ሲቀጥን ሚዛኑ ይፈርሳል፣ ማዕድኑ ከሚሴሉ ውስጥ እየሟሟ ይወጣል፣ ሚሴሉም ይላላል። ስለዚህ ተማሪዋ የለካችው ወተቱን ሳይሆን ከወተቱ የሠራችውን ሌላ ነገር ነው። መፍትሔው ወተቱን በራሱ ውሃ፣ ማለትም በአልትራፊልትሬሽን ፕሮቲኑ ቀርቶ በሚወጣው ጥሩ ፈሳሽ ማቅጠን ነው፤ ይህ ካልተገኘ ጄነስና ኩፕስ በ1962 ባወጡት የጨው ቅይጥ መሥራት ይቻላል። የሙቀቱንም ነገር አነሡ፤ ወተት ሲቀዘቅዝ ቤታ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ከሚሴሉ እየወጣ ወደ ፈሳሹ ስለሚገባ፣ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው የተለካ ወተትና ሞቆ የቆየ ወተት አንድ አይደሉም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ላላ። 5ኛው ምላሽ በ173 ዲግሪ ማዕዘን፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚመለሰውን ብርሃን የሚይዙ መሣሪያዎች መኖራቸውን ጠቆመ። ጨረሩን ከኩቬቱ (ናሙናው ከሚቀመጥበት ትንሽ ብርጭቆ) ግድግዳ አጠገብ በማነጣጠር ብርሃኑ በናሙናው ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ስለሚያሳጥሩ ተደጋጋሚ ብተናን ይቀንሳሉ፤ ፈጽመው ግን አያጠፉም። 6ኛው ከጉዳዩ ወጣ ብሎ፣ በየሰፈሩ የሚሸጠው ወተት ውሃ የተቀላቀለበት መሆኑን በዚህ ሌዘር ማወቅ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። 7ኛው ቀልድ ያዘለ ነበር፤ ለዚያ ሌዘር መግዛት ገንዘብ ማባከን መሆኑን፣ ወተት ሰብሳቢዎች የያዙት ላክቶሜትር የወተቱን እፍጋት እንደሚያሳይ፣ ከዚያ በላይ ማረጋገጫ ለሚፈልግ ደግሞ የላም ወተት በረዶ የሚሆንበት ሙቀት ከዜሮ በታች 0.52 ዲግሪ ግድም በመሆኑና ውሃ ሲጨመርበት ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ የዚያ መለኪያ መኖሩን ነገራቸው። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም መልሱ ትክክል ነው፤ የድፍርስነት መጠን ከውሃው ይልቅ በቅባቱ ብዛትና በቅባት ጠብታዎቹ ስፋት ስለሚወሰን ውሃን ለመያዝ ደካማ ምስክር ነው።

8ኛው ምላሽ ክሩን መልሶ ወደ ጉዳዩ አመጣው። ጸሐፊው የፊዚክስ ሰው ናቸው፤ እስካሁን የተናገሩት ሁሉ ተደጋጋሚ ብተናን እንደ ጠላት ቆጥረው መሸሻውን ብቻ መፈለጋቸው እንደገረማቸው ጻፉ። በ1987 ማሬና ቮልፍ፣ በ1988 ደግሞ ፓይን፣ ዋይትዝ፣ ቼይኪንና ኸርቦልዝሃይመር ያወጡት ሥራ ነገሩን ገልብጦታል። ብርሃኑ እጅግ ብዙ ጊዜ ሲበተን የእያንዳንዱን ብተና ማዕዘን መከታተል ቀርቶ፣ የፎቶኑ ጉዞ ራሱ እንደ ሙቀት ወይም እንደ ሽታ ስርጭት በሂሳብ ይገለጻል። መርካቶ በገበያ ቀን የገባ ሰው ከግራና ከቀኝ እየተገፋ በየት በኩል እንደ ገባ እንደሚጠፋበት ሁሉ፣ ፎቶኑም የተወሰነ ርቀት ከተጓዘ በኋላ የመጣበትን አቅጣጫ ይረሳል፤ ያንን ርቀት የሙያው ሰዎች ኤል-ስታር ይሉታል። ዘዴው ዲደብልዩኤስ (የሚሰራጭ ሞገድ ስፔክትሮስኮፒ) ይባላል።

ስሌታቸውንም ደረጃ በደረጃ አስቀመጡት። ኤል-ስታር ግማሽ ሚሊሜትር፣ የኩቬቱ ውፍረት 5 ሚሊሜትር ቢሆን ውፍረቱ የኤል-ስታር 10 እጥፍ ነው፤ ፎቶኑ ወዲያ ማዶ ለመውጣት የሚራመደው እርምጃ ግን የ10 ካሬ፣ 100 ያህል ይሆናል። በመቶ እርምጃ ላይ የሚደመረው ትንንሽ መናወጥ ብርሃኑን ስለሚያዋዥቀው፣ እያንዳንዱ ቅንጣት 10 ናኖሜትር እንኳ ሳይሞላ ቢነቃነቅ መሣሪያው ያየዋል። በ1ኛው ምላሽ አንድ ሚሊሰከንድ የፈጀው የ200 ናኖሜትሩ ቅንጣት ኮሪሌሽንም በዚህ አደራረግ በ20 ማይክሮሰከንድ ግድም ይከስማል። ድፍርስነቱ በጨመረ ቁጥር መለኪያው ይስላል ማለት ነው። ይህ ምላሽ ከሌሎቹ ረዘም ቢልም አንድም ቃል የሚቀነስለት አልመሰለኝም።

9ኛው ምላሽ ላይ የክሩ ቃና ተለወጠ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባሉ ቆይተው፣ ይህ ጸሐፊ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አንተ ወደ ማለት ወረደ። ሰውዬው በመሣሪያ አቅራቢነት ብዙ እንደ ሠራ ገልጾ፣ የ8ኛውን ምላሽ ጸሐፊ ተማሪዋ ያልጠየቀችውን ነገር በመመለስ ከሰሰው። እርሷ የጠየቀችው የቅንጣቶቹን መጠን ነው፤ ዲደብልዩኤስ ግን የሚሰጠው አማካይን ብቻ ነው፤ ትንንሹንና ትልልቁን ለይቶ አያወጣም፤ ኤል-ስታር ካልታወቀ ደግሞ አማካዩም አይገኝም። ኤል-ስታርን ለማግኘት መጠኑ የታወቀ የፖሊስታይሪን ናሙና ለማነጻጸሪያ አቁሞ በሁለቱ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን መለካት ያስፈልጋል። ሙሉ ወተት ከሆነማ ማይክሮሜትር የሚያልፉት የቅባት ጠብታዎች ብርሃኑን ስለሚቆጣጠሩት የኬዚን ሚሴሉ ድምፅ ይዋጣል። ይህ ሁሉ እያለ ዘዴውን ለጀማሪ ማቅረብ የፊዚክስ ሰዎች መዝናኛ ነው ብሎ ጻፈ።

ስድቡን ወደ ጎን ብንተወው ከነጥቦቹ አብዛኞቹ ትክክል ናቸው። የሳተው ተማሪዋ ቅባቱ የወጣለትን ወተት እንደ ተጠቀመች በመጀመሪያው መልእክት መጻፏን ነው፤ 10ኛው ምላሽም ይህንኑ በቅድሚያ አስታወሰው። የ10ኛው ጸሐፊ ከ8ኛው ጋር አንድ ሰው ናቸው፤ አንተ ሲባሉ አንተ ብለው አልመለሱም፣ እርስዎ እንዳሉ ቀጠሉ፤ ይህም ከየትኛውም ክርክር ይልቅ 9ኛውን ሳያሳፍረው አልቀረም። ዲደብልዩኤስ የመጠን ስርጭት እንደማይሰጥ አምነው፣ ዋና ጥቅሙ ግን ወተቱ ሲለወጥ ማየት ነው አሉ። ወተትን ለአይብ የሚያረጋውን የሬኔት ምሳሌ አመጡ። በሚሴሉ ገጽ ላይ እንደ ጸጉር የቆመው ካፓ ኬዚን በሬኔት ኢንዛይም 105ኛውና 106ኛው አሚኖ አሲድ መካከል ሲቆረጥ የሚሴሉ ስፋት መጀመሪያ በጥቂት ናኖሜትር ይቀንሳል፤ አብዛኛው ጸጉር ካልተላጨ ሚሴሎቹ አይያያዙም፤ ከተላጨ በኋላ ግን ኮሪሌሽኑ እየዘገየ ይሄዳል፣ ወተቱም ይረጋል። ይህ ሁሉ በዐይን ምንም ሳይታይ በመለኪያው ላይ ይነበባል። ወተቱን አቅጥኖ ይህን ለማየት መሞከር ግን ትርጉም የለውም፤ የቀጠነ ወተት የሚረጋበት ጊዜም ሁኔታም ሌላ ነው፣ ከቀጠነ ወተትም አይብ አይሠራም።

11ኛው ምላሽ በሁለቱ መካከል የቆመ መንገድ አቀረበ። የዚህ ዘዴ ሐሳብ በ1981 በፊሊስ ተጀምሮ፣ በ1991 በሼትሰል ንድፈ ሐሳብ ተጠናክሯል። በአንድ ናሙና ላይ ሁለት ጨረርና ሁለት ዲቴክተር ተተክለው ሁለት መለኪያ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል፤ የሁለቱ ማዕዘን ቢለያይም የሚያዩት የብተና አቅጣጫና ርቀት እኩል እንዲሆን ይደረጋል። አንድ ጊዜ ብቻ የተበተነው ብርሃን በሁለቱም ዲቴክተር ላይ አብሮ ይዋዥቃል፤ ደጋግሞ የተበተነው ግን በአንዱ ላይ ያለው ከሌላው ጋር ስለማይገናኝ በማነጻጸሪያው ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ከድፍርሱ ውስጥ ንጹሑ ብቻ ይመረጣል። ችግሩ የኮሪሌሽኑ ቁመት ከተለመደው ወደ ሩብ መውረዱ ነበር፤ እያንዳንዱ ዲቴክተር የሌላውንም ጨረር ብርሃን ስለሚቀበል ነው። በ2010 ብሎክና ሼፎልድ ጨረሮቹን በፍጥነት እያፈራረቁ በማብራት ያንን ጉድለት አስቀሩት። ጸሐፊው ገደቡንም አልሸሸገም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተበተነ ብርሃን ጨርሶ ከሌለ የሚመረጥ ነገር የለምና፣ እንደ ሙሉ ወተት ላለ ነጭ ነገር ይህ ዘዴም እጁን ይሰጣል፤ ቀጭን ኩቬት ግን ይረዳዋል።

12ኛው ምላሽ ሌላ ጠብ ጫረ። ጸሐፊው ማንንም ሳይጠራ፣ እስካሁን ዝልግልግነትን ያነሣ ሰው ባለመኖሩ ሁሉንም ወቀሰ። በአንስታይን ቀመር ውስጥ የሚገባው የወፍራሙ ወተት ዝልግልግነት መሆን አለበት፤ የውሃ ዝልግልግነት ከገባ ስሌቱ ከመነሻው ስሕተት ነው አለ። 9ኛው ወዲያው ተነሥቶ በ13ኛው ምላሽ ይህን ድንቁርና ብሎ ጠራው፤ ቅንጣቱ የሚዋኘው በፈሳሹ ውስጥ ነውና መግባት ያለበት የፈሳሹ ብቻ ነው፣ ጎረቤት ቅንጣቶችን በዝልግልግነት ስም መቁጠር ማጭበርበር ነው ሲል። የመድረኩ አስተባባሪ ጣልቃ ገብተው ቃሉ እንዲነሣ አደረጉ፤ ያ ምላሽም ታርሞ ተለጠፈ።

ይህን ጠብ በአግባቡ የዳኘው 14ኛው ምላሽ ሲሆን፣ ባቸለር በ1976 ያወጣውን ውጤት ይዞ ቀረበ። እርስ በርሳቸው ከመጋጨት በቀር ሌላ መሳሳብ የሌላቸው ቅንጣቶች ሲበዙ፣ የአንዱ ቅንጣት አጭር ጊዜ እንቅስቃሴ ቅንጣቶቹ ከያዙት የይዘት ድርሻ 1.83 እጥፍ በሚሆን ይዘገያል፤ የሁሉም የጋራ ስርጭት ግን በተቃራኒው ከዚሁ ድርሻ 1.45 እጥፍ በሚሆን ይፈጥናል። ሚሴሎቹ ከሚይዙት ውሃ ጋር ቅባቱ የወጣለትን ወተት አንድ አሥረኛ ያህል ይይዛሉ ቢባል፣ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ በ18 በመቶ ቀንሶ ቅንጣቱን በአምስት አንድ ያህል ትልቅ ያስመስለዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ትንሽ ያስመስለዋል። የትኛው እንደሚታይ የሚወስነው የመለኪያው ማዕዘንና የሞገዱ ርዝመት ነው። ስለዚህ አንዱ ዝልግልግነት ሌላውን ተክቶ ጉዳዩ አይጠናቀቅም፤ ተደጋጋሚ ብተና ሙሉ በሙሉ ቢወገድ እንኳ ከወፍራም ናሙና የሚገኘው የእንቅስቃሴ ፍጥነት እንጂ የቅንጣቱ መጠን አይደለም። የ12ኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ አልተመለሰም። እኔም በዚህ ላይ ከ14ኛው ጋር ነኝ፤ በዚህ ክር ውስጥ ሁለቱ ተከራካሪዎች እኩል የተሳሳቱበት ነጥብ ይህ ብቻ ነው።

15ኛው ምላሽ የገንዘብ ጥያቄ አነሣ። ኮሬሌተር (ኮሪሌሽኑን የሚያሰላ መሣሪያ) እና ፎቶን ቆጣሪ ለመግዛት አቅም የሌለው ላቦራቶሪ በሌዘር ጠቋሚና በኮምፒውተር ካሜራ ዲደብልዩኤስ ሊሠራ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። 16ኛው መልስ ሰጪ መሞከሩን በግልጽ ይናገራል። በሴኮንድ 30 ምስል የሚያነሣ ካሜራ አንዱን ምስል ለመያዝ 33 ሚሊሰከንድ ገደማ አለው፤ በ8ኛው ምላሽ የተሰላው 20 ማይክሮሰከንድ ከዚያ ከሺህ እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ስለዚህ ፈሳሹ ወተት በስክሪኑ ላይ ወጥ የሆነ ቀይ ብርሃን ብቻ ይታይበታል። ወተቱ ረግቶ እርጎ መሆን ሲጀምር ግን ያ ወጥ ብርሃን በጥቁርና በቀይ ነቁጥ ይዥጎረጎራል፤ ነቁጦቹ በመጀመሪያ ይተራመሳሉ፣ ከዚያ ይዘገያሉ፣ በመጨረሻም ይቆማሉ። የነቁጦቹን ንጽጽር በየደቂቃው መመዝገብ የሚረጋበትን ሰዓት በደንብ ያሳያል። ርካሽ ጠቋሚዎች የሞገድ ርዝመታቸውን በድንገት ስለሚዘልሉ፣ በወፍራም ናሙና ውስጥ ረጅም መንገድ የተጓዘው ብርሃንም እርስ በርሱ እንዲገናኝ የሌዘሩ መቀናጀት ርዝመት፣ ማለትም ሞገዱ ሥርዓቱን ሳያዛባ የሚጓዝበት ርቀት፣ በቂ መሆን ስላለበት፣ በሌዘሩ ላይ መቆጠብ እንደማይገባ አሳሰበ።

በዚያው ምላሽ ውስጥ ሌላም ቁም ነገር አለ። የረጋ ወተት ውስጥ ቅንጣቶቹ በየቦታቸው ታስረው ስለሚቀሩ፣ ናሙናውን በአንድ ነጥብ ላይ ለረጅም ጊዜ መከታተል የሁሉንም ነጥቦች አማካይ አይሰጥም። ፑሲና ፋን ሜገን በ1989 ያሳዩት ይህንኑ ነው። ብዙ ነቁጥ በአንድ ጊዜ የሚያይ ካሜራ በዚህ ረገድ ከውዱ ነጠላ ዲቴክተር ይሻላል፤ ያም ካልሆነ ናሙናውን በዝግታ ማሽከርከር ያስፈልጋል።

17ኛውን ምላሽ የጻፈችው ራሷ ጠያቂዋ ናት። ለሁሉም በየስማቸው አመስግና፣ 9ኛውንም ጭምር፣ ሥራዋን ለሁለት እንደምትከፍለው ገለጸች። የሚሴሉን መጠን በአልትራፊልትሬሽን ከተገኘው ፈሳሽ ጋር ደረጃ በደረጃ አቅጥና በዲኤልኤስ ትለካለች፤ ወተቱ ወደ ፒኤች 4.6 እየወረደ እርጎ የሚሆንበትን ሂደት ግን ሳታቀጥን በካሜራ ትከታተላለች። ከዚህ ጋር በመረጃ ሰንጠረዥዋ ውስጥ የትኞቹን ሁኔታዎች መመዝገብ እንዳለባት ጠየቀች፤ እርሷ ያሰበችው ሙቀቱን፣ ማዕዘኑን፣ የማቅጠኛውን ዓይነትና የተጠቀመችበትን ዝልግልግነት ነበር።

18ኛው ምላሽ የ9ኛው ሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ እርስዎ እያለ ጽፏል። ዝርዝሯን ሙሉ ብሎ፣ ሁለት ነገር አስጨመረ፦ የኩቬቱን ውፍረት፣ እንዲሁም ወተቱ ከማቀዝቀዣ ከወጣ በኋላ ከመለካቱ በፊት ስንት ሰዓት እንደ ቆየ።